ጂንጎሮ የዘለላቸው መስመሮች

ሜይጂ 45ኛ ዓመት፣ ሰባተኛ ወር፣ ቀን 6

ዝናብ። የሐር ትሎቹ ከሦስተኛ እንቅልፋቸው ቆዳ ቀይረው ነቅተው እንደ እብድ ይበላሉ። ከንጋት ጀምሮ የእንጆሪ ቅጠል ስለቅም ዋልኩ። እርጥብ ቅጠል ይገድላቸዋል፤ አንድ በአንድ በጨርቅ መጥረግ ነው። ወገቤ ተቆረጠ። ሽማግሌው ባሌ ሾርባው ጨው በዛበት ብሎ አጉረመረመ። ትናንት አልጫ ሆነ ብሎ ነበር።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሺኖ ናት። ምራቴ፣ የሁለተኛው ልጄ የሄይጂ ሚስት። የትምህርት ቤት ደብተሯ ነው፣ ግማሹ ባዶ። "ፊደል የሚማር ሰው የዋለበትን ይጽፋል እማማ" አለችኝ። ምን ዋልኩ? ቅጠል ጠረግኩ። ይኸው ጻፍኩት። ስድሳ አንድ ዓመት የጠረግኩትን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃም።

በቅጠል ቅርጫቱ ሥር እደብቀዋለሁ። ሽማግሌው ቅርጫት አንስቶ አያውቅም።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 9

ለምን በዚህ ዕድሜዬ እንደምማር ልጻፈው፣ ኋላ ራሴም እንዳልረሳው።

በጸደይ የመንደሩ ሹም ሰበሰበን። በሩሲያው ጦርነት ለሞቱት አምስት ልጆቻችን ድንጋይ ሊቆም ነው። ከጦር ሜዳ የላኳቸው ደብዳቤዎች በብረት ሣጥን ታሽገው ከድንጋዩ ሥር ይቀበራሉ። "ለዘላለም" አለ ሹሙ። መጀመሪያ ያጨበጨበው ምክትሉ፣ ባሌ ጂንጎሮ ነው።

ከአምስቱ አንዱ የበኩር ልጄ ቶራኪቺ ነው። ማንቹሪያ ከሞተ ሰባት ዓመት አለፈው። ስምንት ደብዳቤ ጽፏል። ስምንቱም ለሙታን በምንጸልይበት በቡድሃው ሣጥን መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ ከጂንጎሮ መቀነት ላይ።

ያኔ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው እሱ ነበር። የኛን ብቻ አይደለም። በልጅነቱ ቤተ መቅደስ ተምሯልና የመንደሩ እናቶች ሁሉ ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ከምድጃው ዙሪያ እንቀመጣለን፣ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እኛ እናለቅሳለን።

አንድ ነገር ግን… ወረቀቱ ረጅም፣ ንባቡ አጭር ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ጠየቅኩት። "የተማረ ሰው ፈጥኖ ያነባል" አለኝ።

ከመቀበራቸው በፊት በገዛ ዓይኔ ላያቸው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 13

ሺኖ በአመድ ላይ በእንጨት ትጽፍልኛለች። እኔ እደግማለሁ። ሰው ሲመጣ በእጄ አጠፋዋለሁ።

"እማማ፣ ይሄኛው ጭራ አለው፣ ያኛው የለውም።"

"ሁለቱም ትል ይመስላሉ።"

"ትሎቹን ከመለየት ፊደል መለየት ይቀላል እኮ። እርስዎ የታመመውን ትል ከሺህ መካከል ያወጡ የለም?"

"የታመመ ትል ይታዘንለታል። ይሄን ማን ያዝንለታል?"

ሳቀች። በኔ ላይ ምራት ስትስቅ ዝም ማለት መቻሌ ራሱ ጉድ ነው። የኔ አማት ቢሆኑ ኖሮ እንጨቱ ጀርባዬ ላይ ነበር።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 15

ከጉድጓዱ ውኃ ስቀዳ አንዷ ጎረቤት ጥርሴን አይታ "እትዬ ሪዮ፣ እቴጌይቱ እንኳ ማጥቆር ከተዉ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እርስዎ ማንን እየጠበቁ ነው?" አለችኝ። ባለትዳር ሴት ጥርሷን ታጠቁር ነበር በኔ ጊዜ። እኔ አሁንም አጠቁራለሁ። የዛገ ብረቱን ዘፍዝፌ፣ በየሁለት ቀኑ።

እኔና ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ዓመት ነው የተወለድነው፣ በአይጥ ዓመት። ዘንድሮ ሁለታችንም ስድሳ አንድ። ሺኖ ሰው በዚህ ዕድሜው የሚለብሰውን ቀይ ሰደርያ እየሰፋችልኝ ነው። የሐሩ ምርት ሲያልቅ ትንሽ ድግስ ይኖራል ተብሏል።

እሳቸው ሲነግሡ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልተለወጠ ነገር የለም። የወንዶቹ ቁንጮ ተቆረጠ። የዘመን መቁጠሪያው ተቀየረ፤ የዓመቱ የመጨረሻ ወር በሁለት ቀኑ አለቀ ተባልን፣ የአዲስ ዓመት ሩዝ ሳንወቅጥ አዲስ ዓመት ሆነ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እኔ ያኔ ልጅ አዝዬ ነበር። ባቡር መጣ። ትሉን እኛ እናበላለን፣ ሐሩን ፋብሪካው ይፈትላል፣ መርከቡ ይወስዳል። በሐሩ ገንዘብ መድፍ ይገዛል ይላል ጂንጎሮ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ለወንድ ልጅ ሁሉ ወታደርነት መጣ። ለኔስ ምን መጣ? ጥርስሽን አታጥቁሪ የሚል ምክር።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 21

ንጉሠ ነገሥቱ ታመዋል። ትናንት ለሕዝብ ተነገረ። በመቅደሱ ጸሎት ተይዟል፣ ከበሮ ተከልክሏል። ጂንጎሮ ከሹሙ ቤት ጋዜጣ እየተዋሰ ያመጣል።

ጋዜጣው ከከባዱ የቻይና ፊደል ጎን ትንንሽ ቀላል ፊደል አለው። ሺኖ ነገረችኝ። ሽማግሌው ሲያሸልብ አየሁት። ጣቴን እያስኬድኩ… ት… ኩ… ሳት። ትኩሳት!

በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ትኩሳት ሆነ።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 25

በየቀኑ ይጻፋል። ትኩሳታቸው ይህን ያህል፣ የልብ ምታቸው ይህን ያህል፣ ሽንታቸው ይህን ያህል። እንዲህ የሚያነብ ሰው መሆኔን ማን አመነ? የእሳቸው ሕመም የኔ ማስተማሪያ ሆነ። ይቅር ይበሉኝ።

ግን ሳነብ አንድ ነገር ይመጣብኛል። የቶራኪቺን ትኩሳት ማን ጻፈው? ለኛ የመጣችው አንዲት ወረቀት ናት። "በጦር ሜዳ ሆስፒታል በሕመም አረፈ።" ምን ሕመም? ወረቀቷ አልተናገረችም። ከተመለሱት ወታደሮች አንዱ ነው ኋላ የነገረኝ። እግር የሚያሳብጠው፣ ልብ የሚያቆመው በሽታ። ድሮ ዋና ከተማ ሄደው ነጭ ሩዝ ብቻ የበሉ ሰዎችን የሚይዘው። አገራቸው ተመልሰው ገብስ ሲበሉ ይድኑ ነበር።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 30

አረፉ።

ጂንጎሮ ወደ ምሥራቅ ተደፍቶ አለቀሰ። ሄይጂ ደግፎ አነሳው። ቶራኪቺ በነጭ የእንጨት ሣጥን፣ ጥፍሩና ፀጉሩ ብቻ ሲመጣ፣ ይኸው ሰው እንግዶቹን "አኩርቶኛል" እያለ በደረቅ ዓይን ነበር የተቀበለው።

እኔም አዘንኩ። እኩያዬ ናቸው። እውነት ነው፣ አዘንኩ። ግን እንባ አልመጣም።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 2

ዘመኑ ታይሾ ተባለ። ሰኞ ሜይጂ አርባ አምስት ነበር፣ ማክሰኞ ሲመሽ ታይሾ አንድ ሆነ። ቀይ ሰደርያዬ ተጣጥፎ ተቀመጠ፤ በሐዘን ቀይ አይለበስም።

ሹሙ አስታወቀ፦ ሣጥኑ በቀብራቸው ዕለት ይታሸጋል። በዘጠነኛው ወር በ13። ጂንጎሮ "ከዚህ የበለጠ ክብር የለም" አለ። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ቀን።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 6

ፊደሉ ከተበላሸ ይበላሽ።

ዛሬ ልብስና ወረቀት የምናናፍስበት ቀን ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ፣ ብል እንዳይበላው ሁሉ ነገር ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ገመድ ይዘረጋል። ጂንጎሮ መሳቢያውን ከፈተና ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ገመዱ ላይ ሰቀላቸው፣ ከበዓል ልብሱ ጎን። ከዚያ ሹሙ ቤት ስብሰባ ነበረው።

"ነፋስ እንዳይወስዳቸው ተቀምጠሽ ጠብቂ" አለኝ።

ፊደል ለማታውቅ ሴት ወረቀት አስጠብቆ ሄደ።

ቶራኪቺ የተማረው አራት ዓመት ነው፣ ከባዱን ፊደል አይጽፍም ነበር። ደግ አደረገ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየያዝኩ…

አንደኛው። "ባሕሩ አስታወከኝ። አሁን ደህና ነኝ። ነጭ ሩዝ በቀን ሦስቴ እንበላለን።" ይሄን አንብቦልኛል። ቃል በቃል።

ሦስተኛው። ያኔ የሰማሁት "ደህና ነኝ፣ እማዬ እንዳትጨነቅ" የሚል ነበር። ወረቀቱ የሚለው፦ "እግሬ አብጧል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። እዚህ ብዙ ሰው እንዲህ ሆኗል። አንድ የባሕር ኃይል ሰው መድኃኒቱ ገብስ ነው አለን። አባዬ፣ እማዬ በሶ ትላክልኝ።"

በሶ።

አምስተኛው። "በሶው አልደረሰኝም። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆን?"

ስድስተኛው። "እማዬ ረስታው ይሆን? ገብስ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም።"

ስምንተኛው። "የእማዬ ሩዝ ደረሰኝ። እንዴት ነጭ ነው! በሶ ነበር የጠየቅኩት። ግን እሷ በእጇ የወቀጠችው ስለሆነ ሁሉንም በላሁት። አባዬ፣ ይሄን እንዳትነግራት።"

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 7

ምንም አልበላሁም።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 9

ሩዙን እኔ ነኝ የላክሁት።

በመንደራችን ገብስና ማሽላ ነው የሚበላው። ነጭ ሩዝ ለአዲስ ዓመት፣ ለሙታን በዓል፣ ለቀብር። ልጄ በቀን ሦስቴ ነጭ ሩዝ ይበላል ሲባል ከጉድጓዱ ዳር ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ። እንደ ጌታ ልጅ! በመከር አዲሱ ሩዝ ሲገባ፣ የኛ ከመንግሥት ሩዝ አያንስም ብዬ፣ ሙቀጫው ውስጥ ጨምሬ አሥራ አንድ ቀን ወቀጥኩት። ቡናማው ቆዳ አንድ ሳይቀር እስኪለቅ። እንደ በረዶ እስኪነጣ። መዳፌ ተልጦ ነበር።

ጂንጎሮ አጠገቤ ተቀምጦ ትምባሆውን ያጨስ ነበር። የዘነዘናውን ድምፅ አሥራ አንድ ቀን ሰማ። አውቆ።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 13

የሙታን በዓል። ነፍሶቹ ወደ ቤት የሚመጡበት። በራፉ ላይ እሳት ተለኮሰ። ለቶራኪቺ ነጭ ሩዝ ማቅረብ የኔ ሥራ ነው። ገብስ ቆልቼ ፈጭቼ አንድ ጎድጓዳ ሳህን በሶ አቀረብኩ።

ጂንጎሮ አየው። "ይሄ ምንድነው?"

"በሶ።"

"ለሙታን የሚቀርበው ነጭ ሩዝ ነው።"

"እሱ ነጭ ሩዝ ጠግቦ ነው የሞተው።"

ሺኖ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማጠቧን አቆመች።

"ማን አነበበልሽ?"

"ማንም። ራሴ።"

"አንቺ?" ሳቀ። "አንቺ የጋዜጣ ወረቀት ገልብጠሽ…"

ስድስተኛውን ደብዳቤ በቃሌ አልኩለት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ለምን?" አልኩት።

"መንደሩ ሁሉ ተቀምጦ! እነ ኢሺ፣ እናቶቹ ሁሉ፣ ተቀምጠው! የምክትል ሹሙ ልጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ነጭ ሩዝ እያበሉት፣ ገብስ አምጡልኝ ይላል ብዬ ላንብብ? እኛ በዓመት ሦስት ቀን የምንቀምሰውን? የቅብጠት መሰለኝ። አንቺ ያቀበጥሽው።"

"እግሬ አበጠ ይላል እኮ!"

"የወታደር እግር ያብጣል! ሐኪም ነኝ እኔ?"

"ሴቶቹ ሲሄዱስ? ለብቻዬ ብትነግረኝስ፣ አንተ?"

ከአርባ ዓመት በላይ እርስዎ ያልኩት ሰው። አንተ አልኩት። አልተቆጣም።

"ብነግርሽ ትልኪ ነበር" አለ።

"አዎ፣ እልክ ነበር!"

"ፖስታ ቤቱ ያየዋል። ከምክትል ሹሙ ቤት ለጦር ሜዳ ገብስ ሄደ ይባላል።" ድምፁ ወረደ። "እንደሚሞት አላወቅኩም፣ ሪዮ። ማን ያውቃል? በሩዝ ሰው ይሞታል?"

ሄይጂ ወደ ውጭ ወጣ። እሳቱ እየጠፋ ነበር። ሽማግሌው ለራሱ እንደሚያወራ፣ "የመጨረሻውን ግን እሱ ራሱ ነው አትንገራት ያለኝ። እሱን በኔ ላይ አትቁጠሪው" አለ።

እውነቱን ነው።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 19

በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው የመድኃኒት ነጋዴ መጣ። ስለ እግር በሽታው ጠየቅኩት። "ግርማዊነታቸውም በወጣትነታቸው ይዟቸው ነበር ይባላል" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይባላል። እሳቸውንስ ይዟቸው ከነበረ ማን አዳናቸው? መቼም ደብዳቤያቸውን የሚዘል ሰው አልነበረባቸውም።

ጂንጎሮና እኔ አንነጋገርም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ይበላል። ስለ ጨው ምንም አይልም።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 27

የሺኖ አፍ ወንፊት ነው። ከጉድጓዱ ዳር ተናገረች። አሁን ሴቶቹ በየተራ ይመጣሉ፣ ደብዳቤ በጨርቅ ጠቅልለው። "እትዬ ሪዮ፣ ከመታሸጉ በፊት… ጂንጎሮ የዘለለው ካለ…"

የአንዷ ልጅ ሦስት ደብዳቤ ሙሉ ስለ ፈረሱ ነው የጻፈው። ምንም አልተዘለለም። "ይኸው ነው? በቃ?" አለች። ቅር ብሏት ሄደች።

የሌላዋ ልጅ በዳይስ ቁማር የወር ደሞዙን መበላቱን ጽፎ ነበር። ጂንጎሮ ዘሎታል። ሳነብላት ጭኗን መታች። "የኔ ሌባ! የኔ ቀጣፊ! ጂንጎሮ ሲያነበው እኮ ልጄ መነኩሴ ሆነ ብዬ ነበር!" እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች አለቀሰች። ሁለቴ አስደገመችኝ። ስትወጣ በራፉ ላይ ለተቀመጠው ጂንጎሮ "ልጄን ሰባት ዓመት ሰርቀኸኝ ነበር" አለችው። አንገቱን ደፋ።

ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም። አንገቱን ሲደፋ ደስ አለኝ።

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 8

ሹሙ ራሱ መጣ። የአራቱ ደብዳቤ ተሰብስቧል፣ የእናንተ የታለ አለ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ጂንጎሮ ከመቀነቱ ላይ ቁልፉን ዳሰሰ። ሊሰጠው ነው አልኩ… እጄ ቢላው ላይ ነበር፣ ጎመን እየከተፍኩ።

"ሚስቴ ገና እያነበበቻቸው ነው" አለ።

"ምን?"

"አልጨረሰችም። የኛ ሣጥኑ ውስጥ አይገባም።"

ሹሙ እንደ እብድ አየው። ሲሄድ ጂንጎሮ ቁልፉን ከመቀነቱ ፈትቶ ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጠው። አመሰግናለሁ አላልኩም።

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 11

ኢሺ ልካብኝ ነበር፦ ከነገ ወዲያ ማለዳ እመጣለሁ፣ ደብዳቤዎቼን ከሹሙ ላይ አስመልሻለሁ፣ ከመታሸጉ በፊት አንድ ጊዜ አንብቢልኝ።

ኢሺ የምታስፈራኝ ሰው አይደለችም። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል፣ ከአምስቱ አንዱ ጌንታ አንድ ልጇ ነበር። ግን ጂንጎሮ ስሟን ሲሰማ ወደኔ ዞረ። ከበዓሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"የኢሺን ተይው" አለ።

"ምን ዘለልክባት?"

"ተይው ሪዮ።"

"አንተ ትእዛዝ መስጠት ጨርሰሃል" አልኩት።

ታይሾ 1ኛ ዓመት፣ ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 13

ዛሬ ቀብራቸው ነው። በየደጁ ጥቁር ጨርቅ ያለው ባንዲራ። ሥራ የለም።

ኢሺ ማለዳ መጣች፣ በዱላዋ መሬቱን እየዳሰሰች። ጥቁር ለብሳ። ጂንጎሮ ሲያያት ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

"ሸሸ" አለች እየሳቀች። "ጥፋተኛ ድመት!"

ሦስት ደብዳቤ። የመጀመሪያውን ከመክፈቴ በፊት ስለ ባቡር ጣቢያው ታወራልኝ ጀመር። ጌንታን ስትሸኝ። እኔም ነበርኩ። ነጭ መታጠቂያ የታጠቁት የከተማ ሴቶች ቆመው ይሰሙ ነበር፣ እያንዳንዷ እናት ምን እንደምትል። ኢሺ ከሁላችንም ጮክ ብላ "በሕይወት እንዳትመለስ! ነፍስህን ለንጉሠ ነገሥቱ ስጥ!" አለችው። ሴቶቹ አጨበጨቡላት። "እንዴት እንዳልኩት ታስታውሻለሽ? ሴቶቹን ፈርቼ እኮ ነው!" አለች። "እሱ ገብቶታል። ልጄ እኮ ልቤን ያውቃል።"

ከፈትኩት።

"እማዬ፣ ጣቢያ ላይ ያልሽኝ ከልብሽ ነው? እሱን ብቻ መልሺልኝ።"

ሁለተኛው። "ያልመለስሽልኝ ከልብሽ ስለሆነ ነው?"

ሦስተኛው። "ገባኝ እማዬ። እንዳልሽኝ አደርጋለሁ።"

ሌላም አለበት። ስለ ብርድ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ አንድ ጓደኛው ዘፈን።

ኢሺ ጆሮዋን ወደኔ አዘንብላ ተቀምጣለች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። የማያየው ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው።

ስለ ብርዱ አነበብኩ። ስለ ጫማው። ስለ ዘፈኑ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

"ሙሉው ነው?" አለች።

"ሙሉው ነው።"

"አያ ጂንጎሮም እንዲሁ ነው ያነበበልኝ። አንድ ቃል አልጎደለም። አየሽ፣ የኔን እንኳ አልነካውም። ሰውየውን ያለ ነገሩ ነው የምታሙት።" ደብዳቤዎቹን አጣጥፋ ጡቷ ሥር አስገባች። ቀትር ላይ በራሷ እጅ ብረቱ ሣጥን ውስጥ ጨመረቻቸው። ሹሙ አሸገው። ሲሚንቶ ፈሰሰበት። ወደ ምሥራቅ ሰገድን።

ቤት ስገባ ጂንጎሮ ምድጃው አጠገብ ነበር።

"አነበብሽላት?"

"አነበብኩላት።"

"ሁሉንም?"

"ስለ ብርዱ። ስለ ጫማው" አልኩት። ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ጌንታ የጠየቀውን ጥያቄ በሕይወት ካሉት የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን አሁን፤ እኔና እሱ።